ቢጫው ጉበት

ሟቿ ዶሮ አልከሳችም፤ እንዲያውም በዙሪያዋ ካሉት ሁሉ የምትከብደው እሷ ነበረች። ቢሾፍቱ ዳር በሚገኝ አንድ የእንቁላል ዶሮ እርባታ ውስጥ፣ ጠዋት መኖ ሊሰጥ የገባው ሠራተኛ ኬጅ ውስጥ በደረቷ ተደፍታ አገኛት። ማታ በልታለች፣ ጠጥታለች፤ ትናንት እንቁላል ጥላለች። ላባዋ እንዳማረ ነው። እንግዳ ነገር ቢኖር ራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ መንጣቱ ነው።

የእርባታው ባለቤት መጀመሪያ የጠረጠሩት ፈንግልን ነው። በአገራችን ዶሮ በድንገት ከሞተ ቀዳሚው ተከሳሽ እሱ ነው። ፈንግል ግን እየመረጠ አይገድልም፤ ክትባት ያላገኘ መንጋ ውስጥ ከገባ በጥቂት ቀናት ቤቱን ባዶ ያደርገዋል። እዚህ የሚሞቱት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ናቸው፤ እነሱም የወፈሩት። የእንቁላሉም ቁጥር ቀስ በቀስ እየወረደ መጥቷል።

«ዶክተር፣ ሰው መርዝ አብልቶብኝ ይሆን?» ሲሉ ጠየቁት፣ የተጠራውን ወጣት የእንስሳት ሐኪም።

«እስኪ መጀመሪያ እንክፈታትና እንይ፣ እናቴ።»

ሐኪሙ ላባው እንዳይቦንን ሬሳውን በሳሙና ውሃ አራሰው። በተዘረጋ የመኖ ጆንያ ላይ በጀርባዋ አጋድሞ ቆዳዋን ከሆዷ እስከ ደረቷ ሰነጠቀው። ከቆዳው ሥር ወፍራም ስብ አለ። የሆድ ዕቃዋን ሲከፍተው ቀድሞ የታየው አንጀትም ጉበትም አይደለም፤ ሁሉን የሸፈነ የረጋ ጥቁር ደም ነው። ደሙን በእጁ ጠርጎ ሲያወጣው ጉበቱ ብቅ አለ። የጤነኛ ዶሮ ጉበት ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ ጠርዙም ቀጭን ነው። ይሄኛው አብጧል፣ ጠርዙ ድቡልቡል ሆኗል፣ ቀለሙ ቢጫ ነው፣ በአንዱ ወገን ደግሞ ተሰንጥቋል። ሐኪሙ በአውራ ጣቱ ጫን ሲለው እንደ ለጋ ቅቤ ሰጠመለት።

«ጉበት ይፈነዳል እንዴ?» አሉ ሴትዮዋ።

ይፈነዳል። ሕመሙ የሰባ ጉበትና የደም መፍሰስ ሕመም ይባላል፤ ብዙ እንቁላል በሚጥሉ ዶሮዎች ላይ የሚታወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ካውች የተባለ የቴክሳስ ተመራማሪ የእንቁላል ዶሮዎች ጉበት ከልክ በላይ እየሰባ መሆኑን ጽፎ አሳወቀ። በ1972 ደግሞ ሚቺጋን ላይ ይሠሩ የነበሩት ወልፎርድና ፖሊን የደም መፍሰሱን ጨምረው ዛሬ የሚጠራበትን ስም አወጡለት። እነዚያ ዓመታት የአሜሪካ እርባታዎች ዶሮን ከመሬት አንስተው ኬጅ ውስጥ ማስገባት የያዙበት ጊዜ መሆናቸው በአጋጣሚ አይደለም።

ነገሩን ለመረዳት ዶሮ ስብ የምትሠራው የት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። አሳማ ከበላው እህል ስብ የሚሠራው በዋነኛነት እዚያው በስብ ሕዋሶቹ ውስጥ ነው። ዶሮ ግን ይህን ሥራ ከሞላ ጎደል ለጉበቷ ሰጥታዋለች። በቆሎው ይፈጫል፣ ስኳር ይሆናል፣ ጉበት ደርሶ ስብ ይሆናል፣ ከዚያ በደም ተጭኖ ወደ ሌላው አካል ይሄዳል። እንቁላል መጣል ስትጀምር ደግሞ ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ለጉበቷ አዲስ ትእዛዝ ይሰጠዋል፤ ለአስኳል የሚሆን ስብ በገፍ ሥራ ይለዋል። በአንድ አስኳል ውስጥ ከ5 እስከ 6 ግራም ስብ አለ። በዓመት 300 እንቁላል የምትጥል ዶሮ እንግዲህ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ስብ በእንቁላል መልክ ታወጣለች ማለት ነው። እሷ ራሷ የምትመዝነው 2 ኪሎ ቢሆን ነው። ግቢ ውስጥ እየጫረች የምታድረው የሀበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 ሲሆን፣ የሁሉም ዶሮ ዘር መነሻ የሆነችው የእስያ ጫካ ዶሮ ደግሞ ከ10 እስከ 15 ብቻ ነው። ጉበቷ የታሰበው ለዚያ ነበር።

የተሠራው ስብ ዝም ብሎ ከጉበት አይወጣም። ስብና ውሃ ስለማይስማሙ ፕሮቲንና ኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር በሚገቡበት ልባስ ተጠቅልሎ ነው ደም ውስጥ የሚገባው። ፕሮቲኑ ወይም ኮሊኑ ካነሰ መጠቅለያ ይጠፋል፤ ስቡ እዚያው ይከማቻል። በታመመ ጉበት ውስጥ ስብ ከደረቅ ክብደቱ ከ40 በመቶ በላይ ሊይዝ ይችላል። በዚህ ላይ የተከማቸው ስብ በኦክስጅን እየተበላሸ የሕዋሶቹንና የትናንሽ የደም ሥሮቹን ግድግዳ ያዳክመዋል። ከዚያ በኋላ ትንሽ ነገር ይበቃል፦ እንቁላል ለመጣል ማማጥ፣ ድንጋጤ፣ ሙቀት።

አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። የአእዋፍ ጉበት ስብ መያዝ ልማዱ ነው። ረጅም መንገድ የሚሰደዱ ዳክዬዎችና ዝይዎች ከጉዞ በፊት ጉበታቸውን ጭምር ያሰባሉ፤ የጥንት ግብፃውያንም ይህን አይተው ዝይ እየጠቀጠቁ ሲያበሉ በመቃብር ግድግዳ ላይ ሥዕሉን ትተውልናል። በጉዞ ላይ ስቡ ይቃጠላል፣ ጉበቱም ወደነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ ያልፈነዳ የሰባ ጉበት የሚድን ጉበት ነው። በኬጅ ያለችው ዶሮ ችግሯ ጉዞው የሌላት መሆኑ ነው።

ሐኪሙ ወደ መኖ መጋዘኑ ገባ። ሴትዮዋ መኖ የሚያዘጋጁት ራሳቸው ናቸው፦ በቆሎ፣ የስንዴ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ የተቆላ አኩሪ አተር፣ ኖራ፣ ጨውና ፕሪሚክስ። የአኩሪ አተር ዋጋ ሲሰቀል ከሱ ቀነስ፣ ከበቆሎው ጨመር አደረጉ። «ዋናው መጥገባቸው ነው ብዬ ነው» አሉ። ዶሮዎቹም በርግጥ ጠግበዋል። ፕሮቲን ያነሰበትና ኃይል የበዛበት መኖ ነው የጠገቡት። በዓለም ዙሪያ ያሉ ላቦራቶሪዎች ይህን ሕመም ለማጥናት ዶሮን ሆን ብለው ሲያሳምሙ የሚሰጧት መኖም ይኸው ዓይነት ነው። እሳቸው ሳያውቁት የተመራማሪዎቹን ቅልቅል በጆንያ አዘጋጅተውታል።

ከመጋዘኑ መደርደሪያ ላይ አንድ ጠርሙስ አለ። ከእንስሳት መድኃኒት መሸጫ የተገዛ «የጉበት ቶኒክ» ነው፤ በመጠጥ ውሃ የሚሰጥ፣ ቡናማ፣ ሽታው መራራ። ላዩ ላይ ቅጠልና አበባ ተስሏል፤ የተክሎቹ ስም ተዘርዝሯል፤ እያንዳንዱ ምን ያህል እንደገባበት ግን አልተጻፈም። «ይሄ የዕፅዋት መድኃኒት ነው፤ ጉዳት የለውም አሉኝ» ይላሉ ሴትዮዋ። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የሚጀምረው ከዚህ ጠርሙስ ነው። ከዕፅዋት የሚወጣ ውህድ የሰባ የዶሮ ጉበት ያድናል ወይ?

ለዶሮ ዕፅ መስጠት ለእኛ አዲስ አይደለም። ገጠር ውስጥ ፈንግል ገባ ሲባል ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ሎሚ፣ በርበሬ ተዋህዶ በውሃ ወይም በእንጀራ ፍርፋሪ ይሰጣል። ዛሬ በሳይንስ መጽሔቶች የሚታተሙት ጥናቶች የሚለዩት ተክሉን ሳይሆን በውስጡ ያለውን አንዱን ውህድ ለይተው በሚሊግራም እየመዘኑ መስጠታቸው ነው። ብዙዎቹ የሚመጡት ከቻይና ነው፤ ለዚህም ምክንያት አለው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 እንስሳትን ለማሳደግ ሲባል በመኖ ውስጥ አንቲባዮቲክ መጨመርን ከለከለ። ቻይናም በ2020 ተመሳሳይ እርምጃ ወሰደች። አንቲባዮቲኩ የለቀቀውን ቦታ የሚሞላ ነገር ሲፈለግ ዓይን ሁሉ ወደ ዕፅዋት ዞረ፤ ገንዘቡም ተከተለ።

ከውህዶቹ መካከል ጉበትን በተመለከተ የቆየ ስም ያለው ሲሊማሪን ነው። ከሜዲትራኒያን አካባቢ ከመጣ ሐምራዊ አበባ ያለው እሾሃማ ተክል ዘር ይወጣል። አውሮፓ ውስጥ ሰው ገዳይ እንጉዳይ በልቶ ሆስፒታል ሲገባ ከዚህ ዘር የሚዘጋጅ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጠዋል፤ ስለዚህ የመንደር ወሬ ብቻ አይደለም። በ2004 የሚላኖ ተመራማሪዎች ከሻጋታ የሚመጣውን አፍላቶክሲን ለጫጩቶች ከመኖ ጋር ሰጥተው፣ በተጓዳኝ ሲሊማሪን ያገኙት ጉዳቱ እንደቀነሰላቸው አሳይተዋል።

ቀጥሎ እርድ አለ፤ ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን። ከወይን ልጣጭ የሚገኘው ሬስቬራትሮል አለ። ቤርቤሪን የተባለው መራራና ቢጫ ውህድ አለ። ጥሬ ቡና ውስጥ በብዛት ያለው ክሎሮጀኒክ አሲድ፣ በቀይ ሽንኩርት ልጣጭ የሚከማቸው ኩዌርሴቲን። የእኔን ትኩረት ይበልጥ የሳበው ግን የአኩሪ አተሩ ጄኒስቲን ነው። ጄኒስቲን ቅርጹ ከኢስትሮጅን ጋር ስለሚመሳሰል አካል ውስጥ የሆርሞኑን ወንበር ሊይዝ ይችላል። ጉበቷን ስብ ሥራ እያለ ያስጨነቃት ኢስትሮጅን ከሆነ፣ እሱን የሚመስል ነገር መጨመር በእሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ አይሆንም? ቻይና ውስጥ በእንቁላል ጣይ ዶሮዎች ላይ የተደረገ ሙከራ ግን ተቃራኒውን አሳየ፤ ጄኒስቲን ያገኙት ዶሮዎች ጉበት ስቡ ቀነሰ። ውህዱ ከሆርሞኑ ደከም ያለ በመሆኑ ወንበሩን ይዞ ሥራውን አይሠራም ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ በሌሎች መንገዶችም ይሠራል።

መንገዶቹ ምንድን ናቸው? ሕዋስ ውስጥ ኤኤምፒኬ የሚባል የኃይል ጠባቂ አለ። ኃይል ሲያንስ ይነሳና ስብ መሥራት ይቁም፣ ያለው ይቃጠል ይላል። ቤርቤሪን፣ ሬስቬራትሮልና ኩርኩሚን ይህን ጠባቂ እንደሚቀሰቅሱት በተደጋጋሚ ታይቷል፤ በሌላ አነጋገር ዶሮዋ ሳትራብ ጉበቷ የተራበች ይመስለዋል። ሌላው መንገድ መበላሸትን መከላከል ነው። ጉበቷን የሚያፈነዳት ስቡ ብቻ አይደለም፤ የስቡ መበላሸትም ጭምር ነው። ውህዶቹ ሕዋሱ ራሱ መከላከያ ኢንዛይም እንዲያመርት ይገፋፉታል። የስቡ መጠን ብዙ ሳይቀንስም እንኳ ጉበቷ ሳይፈነዳ የሚቆየው በዚህ ሊሆን ይችላል፤ ለአርቢውም የሚጠቅመው ይኼኛው ነው ብዬ አምናለሁ። የአንጀት ባክቴሪያም ነገር አለ፣ ዛሬ ሁሉም የሚያነሳው፤ እሱ ገና ብዙ የሚቀረው ታሪክ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሲነበብ ጠርሙሱ የተሸነፈ አይመስልም። የጥናቶቹ አሠራር ሲታይ ግን ነገሩ ይለወጣል። በአብዛኞቹ ሙከራዎች ዶሮዎች በሁለት ሦስት ቡድን ይከፈላሉ። አንዱ የተለመደ መኖ ይበላል፣ ሌላው የሚያሰባውን፣ ሦስተኛው የሚያሰባውንና ውህዱን አንድ ላይ። ከስምንት ወይም ከአሥር ሳምንት በኋላ ታርደው ጉበታቸው ይታያል። ሦስተኛው ቡድን ከሁለተኛው ይሻላል፤ ጥናቱ ይታተማል። ልብ በሉ፤ እዚህ ውስጥ ታማ የዳነች ዶሮ የለችም። የታየው መከላከል ነው። ቢሾፍቱ ላይ ያሉት ሴትዮ የያዙት ግን አስቀድሞ የሰባ መንጋ ነው። በሙከራው ውስጥ ያልተጠየቀው ሌላው ጥያቄ ደግሞ የበለጠ ይገርመኛል፦ ውህዱን ሳንጨምር የሚያሰባውን መኖ ብቻ ብናስተካክለውስ? ያ ቡድን በብዙዎቹ ጥናቶች የለም። ቢኖር ኖሮ ውህዱን ካገኘው ቡድን የሚበልጠው እሱ ይሆን ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ ግን መኖ ማስተካከል በጠርሙስ አይሸጥም።

ሌላው ችግር ውህዱ ጉበት መድረሱ ነው። ኩርኩሚንም ሲሊማሪንም ኩዌርሴቲንም በአንጀት በኩል በደንብ አያልፉም። ትንሽ ያለፈውንም አካል እንደ ባዕድ ቆጥሮ ከሌላ ሞለኪውል ጋር አስሮ ያስወጣዋል። የዶሮ አንጀት አጭር ነው፤ መኖ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያልፋል። ሚላኖዎቹም ይህን ስላወቁ ነው ሲሊማሪኑን ከቅባት ጋር አዋህደው የሰጡት። ጠርሙስ ውስጥ ያለ ቡናማ ውሃ ይህን ችግር ፈትቶታል ለማለት ማስረጃ ሊያቀርብ ይገባዋል።

መጠኑንም እናስላው። በእንቁላል ዶሮ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከሚታዩት መጠኖች አንዱ በኪሎ መኖ 200 ሚሊግራም ኩርኩሚን ነው። ጥሩ እርድ 3 በመቶ ያህል ኩርኩሚን ይይዛል። ስለዚህ ለአንድ ኪሎ መኖ 7 ግራም የማይሞላ እርድ ያስፈልጋል። አንዲት ዶሮ በቀን 115 ግራም ያህል ትበላለች፤ 1000 ዶሮ ያለው አርቢ በቀን 770 ግራም ገደማ፣ በወር 23 ኪሎ እርድ ሊገዛ ነው። የማይቻል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ያ ገንዘብ ስንት ኪሎ አኩሪ አተር ይገዛል ብሎ መጠየቅ የአርቢው ፈንታ ነው፤ ሕመሙ የገባው በዚያ በር ነዋ።

ሐኪሙም ያለው ይህንኑ ነው። በመጀመሪያ ሚዛን። ከየረድፉ ጥቂት ዶሮ እየያዘ መዘነና ከዘሩ መመሪያ ጋር አስተያየው፤ ብዙዎቹ ከሚገባው በላይ ከብደዋል። ቀጥሎ በቆሎውን ቀንሶ ፉርሽካውን ከፍ አደረገ፣ አኩሪ አተሩን ወደነበረበት መለሰ፣ በቶን መኖ አንድ ኪሎ የማያልፍ ኮሊን ክሎራይድ፣ ሜቲዮኒንና ቫይታሚን ኢ አዘዘ። ኮሊኑ የመጠቅለያው ጉዳይ ነው፤ ቫይታሚኑ የመበላሸቱ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት ቤቱ አየር እንዲያገኝ መጋረጃውን በጊዜ ማንሳት እንዳለባቸውም ነገራቸው። የሰቡትን በአንድ ጊዜ አስርቦ ማክሳት ግን አይሆንም፤ ረሃብ ከሰውነት ስቡን ነቅሎ መልሶ ወደ ጉበት ያጎርፈዋል።

«እሺ ጠርሙሱስ?»

«ካለቀ በኋላ ሌላ አይግዙ። መሞከር ካማረዎት ደግሞ እርዱን እንሞክር፤ ለአንዱ ረድፍ እንሰጣለን፣ ለሌላው አንሰጥም፣ እንመዝናለን።»

ሴትዮዋ ይህን አልወደዱትም። ከሠራ ለምን ግማሹ ይቀርበታል? ካልሠራስ ለምን ግማሹ ይለፋል? የትም አገር ያለ አርቢ የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው፤ ለዚህም ነው የጠርሙስ ሻጮች ሁልጊዜ ትክክል የሚሆኑት። መኖው ተስተካክሎ፣ ኮሊን ተጨምሮ፣ ቶኒክ ተሰጥቶ ሞቱ ሲቆም የሚመሰገነው ቶኒኩ ነው።

«የዕፅዋት ነው፤ ጉዳት የለውም» የሚለው አነጋገር ለብቻው መመርመር አለበት፤ ምክንያቱም የዶሮን ጉበት በማፍረስም ዕፅዋት የታወቁ ናቸው። የጎመንዘር ዘመድ የሆነው ሬፕሲድ በካናዳና በእንግሊዝ ለዶሮ መኖነት ሲስፋፋ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች በጉበት መድማት መሞት ጀመሩ። ጥፋተኛ የተባለው ግሉኮሲኖሌት ነው፤ ለሰናፍጭ ያን የሚያቃጥል ጣዕም የሚሰጠው የውህድ ቤተሰብ። ካናዳውያን ዘሩን አሻሽለው መጠኑን ዝቅ እስኪያደርጉት ድረስ አርቢው ፋጉሎውን እየቆጠበ ነበር የሚሰጠው። የእኛ ጎመንዘር ግሉኮሲኖሌቱ ገና ከፍተኛ ነው። ስለዚህ የዕፅዋት ውህድ ከሰባው ጉበት ላይ ስብ ያወርዳል ብለን ስንጽፍ፣ አንድ ሌላ የዕፅዋት ውህድ ያንኑ ጉበት ያደማዋል ብለን አብረን መጻፍ አለብን። ርካሽ የጎመንዘር ፋጉሎ ሲገኝ ጆንያውን ሙሉ የሚገለብጥ አርቢ ጠርሙስ ገዝቶ አያካክሰውም።

ሰውም ቢሆን አልዳነም። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ በመድኃኒት ምክንያት የሚመጣ የጉበት ጉዳትን የሚከታተል የተመራማሪዎች መረብ የእርድ እንክብል ወስደው ጉበታቸው የተጎዳ 10 ሰዎችን ታሪክ አሳተመ። ከአሥሩ ሰባቱ አንድ ዓይነት የዘር ምልክት ነበራቸው። ወጥ ውስጥ የምትገባ እርድ ይህን አታደርግም፤ ተጨምቃ በእንክብል ስትዘጋጅ፣ አንዳንዴም ከቁንዶ በርበሬ ጋር ተዋህዳ አንጀት በገፍ እንዲያሳልፋት ስትደረግ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ወደ ጉበት አልደርስ ያለውን ውህድ በግድ ማድረስ ዋጋ አለው።

የኑግ ፋጉሎም ጉዳይ አለ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የወተት ላሞች መኖና ወተት ላይ የተሠራና በ2016 የታተመ ጥናት ወተቱ ውስጥ አፍላቶክሲን አግኝቷል፤ ከመኖዎቹም በዋነኛነት የተጠረጠረው የኑግ ፋጉሎ ነበር። ያው ፋጉሎ ለዶሮም ይሰጣል። አፍላቶክሲን የሚመታው ጉበትን ነው፤ ጉበቱን ያገረጣዋል፣ ያሰባዋል። ሐኪሙ ሬሳውን ከፍቶ ያየው ቢጫ ጉበት ሙሉ በሙሉ የበቆሎው ሥራ ላይሆን ይችላል። ፋጉሎው መሬት ላይ ተቆልሎ፣ ከግድግዳው ተጠግቶ፣ ግማሹ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ አውጥቶ ነበር። ሲሊማሪን በእውነት የሚያስፈልግበት ቦታ ቢኖር ይሄ ነው፤ ጆንያውን ከመሬት አንስቶ እንጨት ላይ መደርደር ግን ከሲሊማሪን ይረክሳል።

ኬጁንም አንርሳ። አውስትራሊያ ውስጥ በኩዊንስላንድ ግዛት ተሠርቶ በ2019 በታተመ ጥናት፣ ኬጅ ውስጥ ከነበሩት የሞቱ ዶሮዎች መካከል ተከፍተው ሲታዩ 74 በመቶ ያህሉ የሞቱት በዚሁ በሽታ ነበር። በመሬት ላይ ወይም በግጦሽ ከሚኖሩት ግን ከ0 እስከ 5 በመቶ ብቻ። አንድ ዕፅ እንዲህ ያለ ልዩነት አምጥቶ አላየሁም። በመሬት ላይ ያለች ዶሮ ሌላ በሽታ ይገድላታል፤ ኮክሲዲያ አለ፣ ትል አለ፣ ጭልፊት አለ። ቢሆንም ትራመዳለች፣ ትጭራለች፣ ያን ስብ ታቃጥለዋለች።

ይህ ሁሉ ገንዘብና ምርምር ለዶሮ ብቻ ተብሎ የሚፈስ እንዳይመስላችሁ። ሰውም እንደ ዶሮ ከስኳር የሚሠራውን ስብ በብዛት የሚሠራው በጉበቱ ነው። ስለዚህ ዶሮ የሰውን የጉበት ስብ ለማጥናት ከአይጥ የምትሻልበት ጊዜ አለ። አልኮል ሳይጠጡ ጉበታቸው የሰባ ሰዎች በዓለም ላይ በብዙ መቶ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ሲሆን፣ ለከፋው ደረጃ የአሜሪካ መድኃኒት ባለሥልጣን የመጀመሪያውን መድኃኒት ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ነው፤ ስሙ ሬስሜቲሮም ይባላል። ከዚያ በፊት ሐኪም ለበሽተኛው የሚያዘው ክብደት መቀነስና መራመድ ነበር። አሁንም ቀዳሚው ትእዛዝ እሱው ነው።

ለእኛ አገር የሚሆነው ሙከራ ውድ አይደለም። ቢሾፍቱ ላይ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ አለ፣ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፣ የታመመ መንጋ ደግሞ አይጠፋም። የሰቡ ዶሮዎችን ወስዶ፣ ለሁሉም መኖውን አስተካክሎ፣ ከዚያ ለግማሾቹ ብቻ እርድ ወይም አብሽ ወይም ጥቁር አዝሙድ መስጠት ነው። ከተስተካከለ መኖ በላይ የሚጨምረው ነገር ካለ ያኔ ይታያል። እኔ የምጠብቀው ትንሽ ነገር እንዲጨምር ነው፤ ምናልባት በሞቃት ወራት፣ ምናልባት ፋጉሎው ሻጋታ በነካው ጊዜ። ትንሽ ነገር ደግሞ 5000 ዶሮ ላለው ሰው ትንሽ አይደለም።

ለዚያ ሙከራ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ምን ያህል ኩርኩሚን እንደያዘ የሚታወቅ እርድ ነው። አገራችን ውስጥ እርድ በቴፒና በአካባቢው ይመረታል፤ ተቀቅሎ፣ ደርቆ፣ በጆንያ መርካቶ ይገባል። ቅመም ተራ ውስጥ አንድ ነጋዴ ጠየቅሁ፤ የኩርኩሚኑ መጠን ስንት በመቶ ነው?

«ስንት በመቶ ማለት? መቶ በመቶ እርድ ነው።» ከጆንያው ጭብጥ አድርጎ አሳየኝ። «ቀለሙን አታየውም?»

ቀለሙ ያምራል። ነገር ግን ውስጡ ያለው 3 በመቶ ሳይሆን 1 በመቶ ቢሆን፣ ለ1000 ዶሮ በቀን የሚያስፈልገው 770 ግራም ሳይሆን 2 ኪሎ ከ300 ነው፤ ይህን ከጆንያው ውጭ ቆሞ የሚያውቅ የለም።